የቸርኖቢል ጥቁር እንቁራሪቶች፦ ጨረሩ አጠቆራቸው ወይስ ጥቁሮቹ ተረፉ?

እንቁራሪት ለምን እንደየአካባቢው ቀለሟ ይለያያል? የተለመደው መልስ አጭር ነው። ቅጠል ላይ የምትውለው አረንጓዴ፣ አፈር ላይ የምትውለው ቡናማ ትሆናለች፤ ወፍና እባብ እንዳያዩአት። መልሱ ስህተት የለበትም። ግን ሁሉንም አያስረዳም። በሰሜን ዩክሬን በተመሳሳይ ኩሬና በተመሳሳይ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖሩ የአንድ ዝርያ እንቁራሪቶች አሉ። በአንዱ በኩል ያሉት ብሩህ አረንጓዴ ናቸው። ጥቂት አስር ኪሎ ሜትሮች አለፍ ሲሉ ያሉት ግን ጠቆር ያሉ፣ አንዳንዶቹም ድብን ያሉ ጥቁር ናቸው። ጥቁሮቹ የሚኖሩት በቸርኖቢል አካባቢ ነው።

ይህ ጉዳይ ከ2022 ወዲህ በማኅበራዊ ሚዲያ በደንብ ዞሯል (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከአረንጓዴ እስከ ጥቁር የተደረደሩ እንቁራሪቶች ፎቶ ይለጠፋል፤ ከስሩ «ጨረር እንቁራሪቶቹን አጠቆራቸው» ይባላል። ሌላው ደግሞ «ሚውታንት» (ዘረመሉ የተለወጠ ፍጥረት) ብሎ ያሳምረዋል። ወሬው የተነሳበት ጥናት ያለው ግን እንደዚያ አይደለም። አንዲት አረንጓዴ እንቁራሪት ጨረር መትቷት ጠቆረች የሚል ነገር የለበትም። የሚለው ከዚያ ይልቅ የሚገርም ነው፤ አንዳንዱ ክፍሉም ገና ያልተቋጨ ነው።

ቦታው

ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የቸርኖቢል ኑክሌር ማመንጫ 4ኛ ሪአክተር ፈነዳ። እሳቱና ጭሱ ለቀናት ራዲዮአክቲቭ ብናኝ ወደ ሰማይ ረጨ። ማመንጫው አጠገብ ያለችው የፕሪፕያት ከተማ 49 ሺህ ያህል ነዋሪዎቿ በማግስቱ በአውቶብስ ተጭነው ወጡ። ቀጥሎ በማመንጫው ዙሪያ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው መንደር ሁሉ ተለቀቀ። ዛሬ በዩክሬን በኩል ያለው የተከለለ ቀጠና 2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ለእንቁራሪት አውቶብስ አልመጣላትም።

ብናኙ በቀጠናው ላይ እኩል አልወረደም። ነፋስ ወደ ነፈሰበትና ዝናብ ወደ ጣለበት ነው የሄደው። ለማመንጫው ቅርብ የነበረው የጥድ ደን ከፍተኛ ጨረር ስለደረሰበት በአጭር ጊዜ ደርቆ ቀላ፤ «ቀዩ ደን» የሚለው ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ ብዙ በማይርቅ ቦታ ደግሞ እምብዛም ያልተነካ መሬት አለ። ለሳይንስ ይህ አለመስተካከል ትልቅ ነገር ነው። አየሩ፣ አፈሩና እጽዋቱ ተቀራራቢ ሆኖ፣ አንዱ ኩሬ በጣም የተበከለ ሌላው ደግሞ ንጹሕ ሲሆን ሁለቱን ማወዳደር ይቻላል። ማንም ተመራማሪ አስቦ የማይሠራው፣ ሊሠራውም የማይፈቀድለት ሙከራ ነው።

እንቁራሪቷስ? የምሥራቅ የዛፍ እንቁራሪት ትባላለች። አራት አምስት ሳንቲ ሜትር የምታህል ትንሽ ፍጥረት ናት። ጣቶቿ ጫፍ ላይ የሚጣበቅ ነገር ስላላት ቁጥቋጦና ዛፍ ትወጣለች። በጸደይ ወንዶቹ ማታ ማታ ኩሬ ዳር ተሰብስበው ሴቶቹን ይጣራሉ፤ ድምፃቸው ከቁመታቸው ጋር አይመጣጠንም። የብርዱን ወራት መሬት ላይ፣ ከረገፈ ቅጠልና ከአፈር ስር ተደብቃ ታሳልፋለች። ራዲዮአክቲቭ ብናኙም ያረፈው እዚያው ላይ ነበር።

አረንጓዴው ከየት ይመጣል?

የዛፍ እንቁራሪት ቆዳ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፣ ምክንያቱም የለም። ከላይ ቢጫ ቀለም የያዙ ህዋሶች አሉ። ከእነሱ ስር ብርሃን የሚያንጸባርቁ ረቂቅ ቅንጣቶች የያዙ ህዋሶች አሉ፤ እነዚህ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ውጭ ይመልሱታል። ሰማያዊው በቢጫው ውስጥ ሲያልፍ እኛ አረንጓዴ እናያለን። ከሁሉም በታች ሜላኒን ያላቸው ጥቁር ህዋሶች አሉ። የሰውን ቆዳና ፀጉር የሚያጠቁረው ሜላኒን ማለት ነው።

እንቁራሪቷ እነዚህን ጥቁር ህዋሶች መጠቀም ታውቅበታለች። በሆርሞን ትእዛዝ ሜላኒኑ በህዋሱ ውስጥ ሲበተን ቆዳዋ ይጠቁራል፤ ወደ መሀል ሲሰበሰብ ይፈካል። ስለዚህ ያው እንቁራሪት ሲበርዳት ወይም ጨለም ያለ ቦታ ስትቀመጥ ከቀድሞዋ ጠቆር ልትል ትችላለች። ይህ የአጭር ጊዜ ለውጥ ነው። ሌላው ደግሞ ከትውልድ የሚመጣው ነው፤ አንዳንዷ ከመጀመሪያውም ብዙ ሜላኒን ይዛ ነው የምትወለደው። በማንኛውም ጤነኛ አካባቢ ከብዙ አረንጓዴዎች መካከል ጥቂት ጠቆር ያሉ አይጠፉም። እነዚህን ጥቂቶች በልባችሁ ያዙልኝ።

የተገኘው ነገር

በ2016 ጀርማን ኦሪሳኦላ የተባለ ስፔናዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ቀጠናው ውስጥ ገባ። ከተጎዳው ሪአክተር ብዙም ሳይርቁ ያልተለመደ ጥቁር ቀለም ያላቸው የዛፍ እንቁራሪቶች አገኙ። አንድ ሁለት ጥቁር እንቁራሪት ማግኘት ብቻውን ምንም አያሳይም። ስለዚህ ከ2017 እስከ 2019 ባለው ጊዜ በሥርዓት መለካት ጀመሩ። ከ12 ኩሬዎች ከ200 በላይ ወንድ እንቁራሪቶች ያዙ። ከኩሬዎቹ ገሚሶቹ በምድራችን ላይ በጣም ከተበከሉ ቦታዎች ውስጥ ናቸው። አራቱ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ከቀጠናው ውጭ የተመረጡ፣ ጨረራቸው ከየትኛውም ቦታ የማይለይ ናቸው።

ኦሪሳኦላና ፓብሎ ቡራኮ ውጤቱን በ2022 አወጡት። ከቀጠናው ውስጥ የተያዙት ከውጭዎቹ በአማካይ 44 በመቶ ያህል የጠቆሩ ሆነው ተገኙ። ዜናው የያዘው ይህን ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ውጤት ቀጥሎ ያለው ነው።

እያንዳንዷ እንቁራሪት ዛሬ የምትቀበለው ጨረር ተለክቷል። የቀለማቸው ጥቁረት ከዚህ የዛሬ ልክ ጋር አልተያያዘም። ዛሬ ብዙ ጨረር የሚያገኛት የግድ የጠቆረችው አይደለችም። ጥቁረቱ የተገናኘው አካባቢው በአደጋው ጊዜ ከነበረበት ብክለት ጋር ነው። ያኔ በጣም ወደተመታው ስፍራ በቀረብን ቁጥር እንቁራሪቶቹ ይጠቁራሉ።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እንየው። እነዚህ እንቁራሪቶች በ1986 አልነበሩም። እናቶቻቸውም አልነበሩም። ከአደጋው ወዲህ ከአስር በላይ ትውልድ አልፏል። ከሪአክተሩ ከወጡት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች አዮዲን 131 የሚባለው በየስምንት ቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ስለሆነ በወራት ውስጥ ጠፍቷል። ሲዚየም 137 እና ስትሮንቲየም 90 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅባቸው ዛሬም አሉ፤ መጠናቸው ግን የድሮው አይደለም። ታዲያ ዛሬ የተያዘች እንቁራሪት ቀለም፣ ያላየችውን የ1986ን ብክለት የሚከተለው በምን ምክንያት ነው?

ነጭና ቀይ ማሽላ

አንድ ገበሬ ነጭና ቀይ ማሽላ ቀላቅሎ ዘራ እንበል። አብዛኛው ነጭ ነው። ወፍ ወረደበት። ወፍ ነጩን ይወዳል፤ ቀዩ ስለሚመርረው ይተወዋል። ገበሬው ከተረፈው ላይ ዘር ይዞ በዓመቱ መልሶ ዘራ። ማሳው ቀላ። አንድም ነጭ ዘለላ ወደ ቀይ አልተቀየረም። ወፉም ዳግመኛ ባይመጣ ማሳው ቀልቶ ይቆያል።

ተመራማሪዎቹ የሚያቀርቡት ማብራሪያ ይህንኑ ይመስላል። ከአደጋው በፊት በኩሬዎቹ ውስጥ አብዛኞቹ አረንጓዴ፣ ጥቂቶቹ ጠቆር ያሉ ነበሩ። በ1986 ጨረሩ እጅግ ከፍተኛ በሆነበት ጊዜ ጠቆር ያሉት በተሻለ ሁኔታ ተረፉ፣ ወይም ብዙ ወለዱ። ልጆቻቸው ቀለማቸውን ወረሱ። እንዲህ እያለ ጥቂት የነበረው ብዙ ሆነ። በሳይንሱ ስም ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚባለው ነው። ዝግመተ ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ አድርገን ነው የምናስበው። እዚህ ጋ የሠላሳ ዓመት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ሜላኒን ከጨረር እንዴት ያድናል? ከፀሐይ ጨረር እንደሚከላከል ሁሉም ያውቃል። ኃይለኛ ከሆነው የኑክሌር ጨረር ጋር ያለው ግንኙነት ግን ብዙ አይነገርም። ቀጭን የእንቁራሪት ቆዳ ጋማ ጨረርን እንደ እርሳስ ግድግዳ አያቆምም፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ካለ አትመኑት። ሜላኒን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የጨረሩን ጉልበት ከፊሉን ውጦ ይበትነዋል። ጨረር ህዋስ ውስጥ የሚፈጥራቸውን፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያበላሹ ንቁ ሞለኪውሎችም ይይዛል። ደግሞ ጨረሩ ሁሉ ጋማ አይደለም። ስትሮንቲየም 90 የሚለቀው ቤታ ጨረር ጥልቅ ስለማይገባ መጀመሪያ የሚጎዳው ቆዳን ነው። ለትንሽ እንስሳ ይህ ቀላል አይደለም። እዚያው ቸርኖቢል በፈራረሰው የሪአክተር ሕንፃ ውስጥ ብዙ ሜላኒን ያላቸው ጥቁር ሻጋታዎች ሲበቅሉ ታይተዋል። ይህም ሐሳቡ ከምንም እንዳልተነሳ ያሳያል።

ተመራማሪዎቹ መጥቆር ዋጋ ያስከፍላቸው እንደሆነም አይተዋል። ሜላኒን መሥራት ለሰውነት ወጪ ሊሆን ይችላል። ጥቁሮቹ ግን ከሳ አላሉም፣ የህዋሳቸው ኬሚካላዊ ሚዛንም አልተዛባም። መጥቆር የሚያስከፍለው ነገር ከሌለ፣ ጨረሩ ከቀነሰ በኋላም አረንጓዴው ቶሎ የሚመለስበት ምክንያት የለም።

ሌላ ማብራሪያስ የለም?

አለ። እንዲያውም አንዱ ቀላል የሚባል አይደለም።

መጀመሪያ «ሚውታንት» የሚለውን እንጨርስ። ጨረር ዘረመልን ያበላሻል፤ ይህ እውነት ነው። ብልሽት ግን አቅጣጫ የለውም። ቀለምን የሚሠራ ሥርዓት ሲበላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የቀለም መጥፋት ነው። እዚያው ቸርኖቢል አንደርስ ሞለርና ቲሞቲ ሙሶ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጣሪያ ስር በጭቃ ጎጆዋን በምትሠራው ትንሽ ወፍ ላይ ያዩት ይህንን ነው፤ ላባቸው ላይ ነጫጭ ምልክት ያላቸው ወፎች በዝተው አገኙ። የእንቁራሪቶቹ ጉዳይ ተቃራኒ ነው። ቀለም ጨመረ እንጂ አልጠፋም፤ የጨመረውም በአንድ አቅጣጫ ነው። በዘፈቀደ የመጣ ብልሽት አይመስልም።

እንቁራሪቶቹ ለጊዜው በሆርሞን የጠቆሩ ቢሆኑስ? የሚያጠቁራቸው የዛሬው ጨረር ቢሆን ኖሮ ጥቁረቱ ከዛሬው ልክ ጋር መሄድ ነበረበት። አልሄደም።

ወደ መደበቅስ ብንመለስ? ሰው ሲወጣ እርሻው ወደ ደን ተለወጠ። ጥላ በዝቶ ጠቆር ያለችው ተደብቃ ይሆን? ይህን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ግን ደኑ የመጣው በመላው ቀጠና ነው፤ ጥቁረቱ ደግሞ የሚከተለው የድሮውን የብክለት ካርታ ነው። ሙቀትም ሌላ አካባቢ ላይ ጥሩ ማብራሪያ ነው። በቀዝቃዛ አገር ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ቶሎ ስለሚይዝ ይጠቅማል። እዚህ ግን የሚነጻጸሩት ኩሬዎች በአንድ የአየር ጠባይ ውስጥ ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ አጋጣሚ ነው። በአደጋው ጊዜ በጣም በተመታው ቦታ ጥቂት እንቁራሪቶች ብቻ ተርፈው ቢሆንስ? ከተረፉት መካከል ብዙዎቹ በዕድል ጠቆር ያሉ ከነበሩ፣ ሜላኒን አንዳችም ጥቅም ባይሰጥ እንኳ ዘሮቻቸው ይጠቁራሉ። ይህ ባዶ ግምት አይደለም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የእነዚህኑ የቸርኖቢል እንቁራሪቶች ከእናት ብቻ የሚወረስ ዲኤንኤ መርምረው፣ ያኔውኑ በ2022 ባወጡት ጥናት የሚራቡት እንቁራሪቶች ቁጥር ትንሽ እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት አግኝተዋል። ቁጥሩ ትንሽ በሆነ ስብስብ ውስጥ ደግሞ ዕድል ጉልበት አለው። በተጨማሪም ጥናቱ የተጀመረው ከአደጋው 30 ዓመት በኋላ ነው። ከአደጋው በፊት በእያንዳንዱ ኩሬ ስንት ጥቁር ስንት አረንጓዴ እንደነበረ የሚያሳይ ልኬት በጥናቱ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ለእኔ የምርጫው ማብራሪያ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ግን ተረጋግጧል አልልም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉት «ሊሆን ይችላል» ብለው ነው። ዜናው ወደ እኛ ሲደርስ «ሊሆን ይችላል» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ቀረች።

ወደ እኛ ደጋ ለአፍታ

ቸርኖቢል ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት የእኛው አገር እንቁራሪት ትረዳናለች። በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች የሚኖሩ፣ ሌላ የትም የማይገኙ የሣር እንቁራሪት ዝርያዎች አሉ። በ2021 ብቻ አራት አዳዲስ ተመዝግበዋል፤ አንዷ ስሟን ያገኘችው ከባሌ ሮቤ ነው። እነዚህ እንቁራሪቶች በጀርባቸው መሀል ለመሀል የሚወርድ ፈዛዛ መስመር ነገር አላቸው። በአንዷ ቀጭን ነው፣ በሌላዋ ሰፊ፣ በሦስተኛዋ ጭራሽ የለም።

በአቡ ዳቢ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መስመሩን የሚወስነውን ዘረመል ለይተው በ2022 አሳወቁ። አሲፕ ይባላል። በሌሎች እንስሳትም ጥቁር ሜላኒን እንዳይመረት በመከልከል የታወቀ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ እንቁራሪቶችን ሲያነጻጽሩ ደግሞ ይህ መስመር በተለያዩ የእንቁራሪት ዘሮች በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ለየብቻው እንደመጣ፣ መሬት ላይ በሚኖሩት ላይም ተመራጭ እንደሆነ አገኙ። ሣር ውስጥ ያለች እንቁራሪት ጀርባዋ በመስመር ሲከፈል ቅርጿ ለጠላት ዓይን ይሰበራል፤ ጥቅሙ እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ልዩነቱን አያችሁት? ደጋችን ላይ ቀለሙ ተለካ፣ ዘረመሉም ተገኘ። የቸርኖቢሉ ጥናት የለካው ቀለሙንና የቦታውን ታሪክ ነው። በመሀል ያለው ድልድይ፣ ማለትም ጥቁረቱ በየትኛው ዘረመል እንደሚወረስ፣ በጥናቱ አልታየም። ያ ዘረመል ቢታወቅ ጥቁሮቹ በምርጫ ይብዙ በአጋጣሚ ለመለየት የሚያስችል መንገድ ይከፈታል። ምርጫ ከሆነ አሻራው የሚታየው በዚያ የዲኤንኤ ክፍል ላይ ብቻ ነው። አጋጣሚ ከሆነ በመላው ዲኤንኤ ላይ ይሰራጫል።

ዛሬ ጉዳዩ የት ደርሷል?

ያው ቡድን በ2024 ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ዛሬ ቀጠናው ውስጥ ያሉት እንቁራሪቶች ይታመማሉ? ቶሎ ያረጃሉ? ዕድሜያቸውን፣ ከእርጅና ጋር የሚያጥረውን የክሮሞሶም ጫፋቸውን ርዝመትና የጭንቀት ሆርሞናቸውን ለኩ። ጨረር ብዙ ባለበትና በሌለበት ኩሬ መካከል ልዩነት አልታየም። በወፎችና በነፍሳት ላይ ሲሠሩ የቆዩት ሞለርና ሙሶ ግን ብዙ ጉዳት እንዳዩ ደጋግመው ጽፈዋል። ክርክሩ ዛሬም የጦፈ ነው። የእንቁራሪቷ ውጤት ቸርኖቢል ጤናማ ነው ማለት አይደለም። የሚለው ስለዚች አንዲት ዝርያ፣ በተለኩት ነገሮች፣ ከአደጋው 30 ዓመት በኋላ ስላለው ሁኔታ ብቻ ነው።

በፌብሩዋሪ 2022 የሩሲያ ጦር በቤላሩስ በኩል ሲገባ ቀጠናውን ያዘ፤ በማርች መጨረሻ ላይ ለቆ ወጣ። ኩሬ ዳር ማታ ማታ እንቁራሪት መያዝ ከዚያ ወዲህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ቀሪው ሥራ ግን ግልጽ ነው። ከቀጠናው ውስጥና ከውጭ እንቁላል ወስዶ በአንድ ዓይነት ውሃ፣ በአንድ ዓይነት ምግብ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ያለ ጨረር ማሳደግ ነው። የቀጠናዎቹ ያኔም ጠቁረው ካደጉ ቀለሙ የተወረሰ ነው። አረንጓዴ ሆነው ካደጉ ግን እስካሁን ያልኩት ሁሉ እንደገና ይታያል።